አዳማ ላይ ቤት ሲሠሩ ብሩ የሚተርፈው የት ነው? ከመሠረት ቁፋሮ እስከ ቆርቆሮ

ቤት የሚሠራ ሰው ገንዘብ ሲያጥረው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ፌሮና ሲሚንቶ ላይ ነው። ባለ 14 ሚሊሜትሩ ፌሮ በባለ 12 ይተካ፣ ዋናውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያቅፈው ስታፋ ራቅ ራቅ ይበል፣ ድብልቁ ላይ አንድ ሳጥን አሸዋ ይጨመር ይባላል። እንዲህ ያለው ቁጠባ ከጠቅላላው ወጪ የሚቀንሰው ትንሽ ነው፤ አደጋ ላይ የሚጥለው ግን ቤቱን ራሱን ነው። ብሩ በብዛት የሚፈስሰው ሌላ ቦታ ነው፦ ሳይለካ በተራገፈ አሸዋ፣ ሳይታሰብ በተቆረጠ በርጋ (ባለ 12 ሜትሩ ሙሉ ፌሮ)፣ የተጣመመ ግድግዳ ለማቅናት በሚለጠፍ ልስን፣ ተሠርቶ በሚፈርስ ሥራ።

ከዚህ በታች ያለው ስሌት ሁሉ በአንድ ቤት ላይ ይሄዳል። ቤቱ 8 በ10 ሜትር፣ ፎቅ የሌለው፣ የውጭ ግድግዳው 36 ሜትር፣ የውስጥ ክፍፍሉ 22 ሜትር ነው። ድምሩ 58 ሜትር ግድግዳ ይሆናል። የእርስዎ ቤት ልኩ ሌላ ከሆነ ቁጥሩን ይቀይሩ፤ አሠራሩ ያው ነው።

ፕላኑ ገና ወረቀት ላይ እያለ

80 ካሬ ሜትር ቤት በሁለት መልክ ሊሠራ ይችላል። አንዱ ቀጥ ያለ 8 በ10 ነው፤ ዙሪያው 36 ሜትር ይመጣል። ሌላው 10 በ10 ሆኖ አንዱ ጥግ 4 በ5 የተቆረጠለት ነው። ስፋቱ ያው 80 ካሬ ነው፤ ዙሪያው ግን 40 ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ 4 ሜትር ግድግዳ ብቻ ይመስላል። ሆኖም በ3 ሜትር ቁመት ሲሰላ 12 ካሬ ግድግዳ፣ ወደ 156 ብሎኬት፣ ከሥሩ 1.6 ሜትር ኩብ የድንጋይ ግንብ፣ ከላይና ከታች ቢም (አግድም የአርማታ ተሸካሚ)፣ ከውስጥም ከውጭም ልስን ነው። በዚያ ላይ የተሰበረው ጣሪያ መጋጠሚያው ላይ ውሃ የሚያፈስስ ቦታ ይፈጥራል። ቅርጹ ቀጥ ያለ ቤት ለመሬት መንቀጥቀጥም ይሻላል። የአዳማ ሰው በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ከአዋሽ ፈንታሌና ከዶፈን በኩል የመጣውን ንዝረት አልጋው ላይ ሆኖ ስላወቀው ይህ ነጥብ ማብራሪያ አያሻውም።

ቁመቱን ከ3.20 ወደ 3.00 ሜትር ማውረድ በ58 ሜትር ግድግዳ ላይ 11.6 ካሬ ይቀንሳል። ይህም 150 ብሎኬትና ከ23 ካሬ በላይ ልስን ነው። 2.80 ቢሆን ይበልጥ ይቆጥባል፤ ለአዳማ ሙቀት ግን አይመከርም። 3 ሜትር ላይ ቆመው በሁለቱ የጣሪያ ጫፎች የአየር መውጫ ይተዉ። ረጃጅሞቹ ግድግዳዎች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እንዲያዩ፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ያሉት መስኮቶች አነስ እንዲሉ ያድርጉ። ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ በምዕራብ መስኮት ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ ክፍሉን ያሞቀዋል።

ብሎኬት 40 በ20 ሳንቲም ስለሆነ የበርና የመስኮት ስፋት፣ በመካከላቸው ያለውም ግድግዳ በ20 የሚካፈል ይሁን። መስኮት 1.50 ከሚሆን 1.20 ወይም 1.60 ይሁን። 1.50 ሲሆን በየረድፉ ብሎኬት ይቆረጣል፤ ከሚቆረጠውም ብዙው ይሰበራል። ኩሽናውንና መታጠቢያውን ጀርባ ለጀርባ ያድርጓቸው፤ ቧንቧው፣ ፍሳሹና የእጅ ዋጋው አብረው ይቀንሳሉ።

ፕላኑ በከተማው የግንባታ ፈቃድ ቢሮ ሳይጸድቅ ቁፋሮ አይጀመር። ያለ ፈቃድ ቆሞ የሚፈርስ ግንብ ከሁሉም የከፋ ብክነት ነው።

መሬቱን ማወቅ

አዳማ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በኮረብቶች መካከል የተኛች ከተማ ናት። ክረምት ላይ ጎርፉ ከኮረብታው ወርዶ ዝቅ ያለውን ሰፈር ያጥለቀልቃል። ቦታውን ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ፣ ከባድ ዝናብ እየዘነበ ሄደው ይዩት። ውሃው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ የጎረቤት አጥር ላይ የጭቃው ምልክት እስከ የት እንደደረሰ ይመልከቱ። የወለሉን ከፍታ የሚወስነው ይህ ምልክት ነው። ወለሉ ከመንገዱም ከጎርፉ ምልክትም ቢያንስ 40 ሳንቲም ከፍ ይበል።

ቀጥሎ በቦታው ሁለት ተቃራኒ ጥጎች ላይ 1 በ1 ሜትር ስፋት፣ 2 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ያስቆፍሩ። ሁለት የቀን ሠራተኞች በአንድ ቀን ይጨርሱታል። ከየንብርብሩ አነስ ያለ ደረቅ ጓል አውጥተው ውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ቀስ አድርገው ይክተቱት። ብዙ የአዳማ አፈር ከእሳተ ገሞራ አመድና ከደለል የተሠራ ነው፤ ሲደርቅ ዲጂኖ የሚመልስ ጠንካራ ይመስላል። ብርጭቆው ውስጥ ግን አረፋ እያወጣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወደ ዱቄት ከፈረሰ፣ ያ አፈር ቤት ተሸክሞ ውሃ ሲጠጣ የሚሰምጥ ነው። ጓሉ ቅርጹን ይዞ ከቆየ ደህና ነው። ጥቁርና የሚያጣብቅ፣ ሲደርቅ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ መረሬ ነው። መረሬ በክረምት አብጦ ቤቱን ያነሳል፣ በበጋ ተሸብሽቦ ይለቀዋል። መረሬ ካለ እስኪያልቅ ተቆፍሮ ይውጣ፤ በጣም ጥልቅ ከሆነ መፍትሔው የመሐንዲስ ነው።

የሚፈርስ አፈር ባለበት ቦታ የቤቱ ጠላት ክብደቱ ሳይሆን ውሃው ነው። ስለዚህ ሴፕቲክ ታንኩና የፍሳሽ ጉድጓዱ ከመሠረቱ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቁ። የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ተይዞ ይራቅ። በቤቱ ዙሪያ ከ80 ሳንቲም እስከ 1 ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ ወለል ይሠራ። ይህን ዙሪያ ወለል ሰው ሁሉ ለመጨረሻ አቆይቶ፣ ገንዘብ ሲያልቅ ይተወዋል። አዳማ ላይ ከብዙ የተሰነጠቀ ግድግዳ ጀርባ ያለው ይህ የቀረ ወለል ነው።

መስመር ማውጣትና መሠረት

ሲባጎው ሲወጠር ጥጎቹ ቀጥ ማለታቸውን በሰያፍ ይለኩ። 8 በ10 ለሆነ ቤት ሁለቱም ሰያፎች 12.81 ሜትር መምጣት አለባቸው። አንዱ 12.81 ሌላው 12.86 ከሆነ ቤቱ ተጣሟል። ያኔ ማስተካከል ችካል ማንቀሳቀስ ብቻ ነው፤ ሴራሚክ ሲነጠፍ ከታወቀ ግን በየክፍሉ ጥግ በሰያፍ የሚቆረጥ ሴራሚክ ይጠብቅዎታል። ከፍታ ለማስተላለፍ ውሃ የተሞላ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ይበቃል፤ ውስጡ የአየር አረፋ አለመቅረቱን ብቻ ያረጋግጡ።

ቁፋሮው ጠንካራው አፈር ላይ እስኪደርስ ይወርዳል። ጥልቀቱን በልማድ ሳይሆን በጉድጓዱ በታየው ይወስኑ። ከታሰበው በላይ የተቆፈረ ቦታ ቢኖር በአፈር ተመልሶ አይሞላ፤ በድንጋይ ግንብ ወይም በስስ አርማታ ይሞላ። ኮለን የሚባሉት የአርማታ ምሰሶዎች ከሚያርፉባቸው ፉቲንጎች ሥር 5 ሳንቲም ስስ አርማታ ይፍሰስ፤ ለዚህ በሜትር ኩብ 150 ኪሎ ሲሚንቶ ይበቃል። ይህ ሥራ ፌሮው ጭቃ ላይ እንዳይተኛ ነው።

የድንጋይ ግንቡ 50 ሳንቲም ስፋትና 80 ሳንቲም ቁመት ቢኖረው 58 ሜትሩ 23.2 ሜትር ኩብ ይሆናል። ድንጋይ ሲገዙ በመካከሉ ያለውን ክፍተት አስበው ከ28 እስከ 30 ሜትር ኩብ ይዘዙ። ድብልቁ 1 ሲሚንቶ ለ4 አሸዋ ነው። ግንበኛው ጎንና ጎኑን አሳምሮ መሃሉን በትንንሽ ድንጋይና በደረቅ አፈር እንዳይሞላው ቆመው ይዩ። ከየረድፉ ግድግዳውን አቋርጦ የሚገባ ረጅም ድንጋይ በየሜትሩ ይኑር። መሃሉ ባዶ የሆነ ግንብ ከላይ ሲታይ ምንም ጉድለት የለበትም፤ ሲሚንቶ ግን አይበላም፣ ስለዚህ ሒሳቡ ያጋልጠዋል። 23 ሜትር ኩብ ግንብ ከ7 እስከ 8 ሜትር ኩብ ድብልቅ፣ ማለትም 26 ኩንታል አካባቢ ሲሚንቶ መብላት አለበት። በ15 ኩንታል አለቀ ሲባል ደስ አይበልዎ።

በግንቦቹ መካከል፣ ከወለሉ ሥር የሚሞላው ገረጋንቲ (ጠጠር ያለበት የተመረጠ አፈር) በ20 ሳንቲም ንብርብር እየረጠበ ይጠቅጠቅ። አንዴ ተሞልቶ ላይ ላዩን የተመታ አፈር ከዓመት በኋላ ወለሉን ይዞት ይወርዳል። ገረጋንቲው ላይ ከሚደረደረው የድንጋይ ንጣፍ በላይ የሚፈስሰውን ወለል በተመለከተ፣ የውስጡ ስፋት 72 ካሬ ቢሆን ንጣፉ በአማካይ 2 ሳንቲም ዝቅ ብሎ ቢደለደል 1.4 ሜትር ኩብ ተጨማሪ አርማታ ይውጣል። ስለዚህ ከመፍሰሱ በፊት ሲባጎ ወጥረው በየሜትሩ ይለኩ።

ዕቃ ሲገባ

አሸዋና ጠጠር የሚሸጠው በቢያጆ (በመኪና ምልልስ) ነው፤ ቢያጆ ግን መለኪያ አይደለም። መኪናው ሲመጣ ሳይራገፍ ሜትር ይዘው ይውጡ። የጭነት ሳጥኑን የውስጥ ርዝመትና ስፋት ይለኩ። አሸዋው መሃሉ ላይ ተቆልሎ ጠርዙ ላይ ዝቅ ያለ ነውና በአካፋ ያስደልድሉት፤ ከዚያ ቀጭን ፌሮ አራቱ ጥግና መሃሉ ላይ እስከ ወለሉ እየወጉ ጥልቀቱን ያንብቡና አማካዩን ይውሰዱ። ርዝመት በስፋት በጥልቀት ይባዛ። ዋጋ የሚነጋገሩት በሜትር ኩብ ይሁን። ሹፌሩ ቢቸኩልም ይህ ከአሥር ደቂቃ አያልፍም።

እርጥብ አሸዋ ያብጣል። ትንሽ እርጥበት ያለው አሸዋ ከደረቁ እስከ አንድ አራተኛ የሚደርስ ቦታ በትርፍ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ጠዋት ከወንዝ የወጣ እርጥብ አሸዋ በደረቅ አሸዋ ዋጋ አይገዛ። ድብልቅ ላይም ይኸው ነው፤ እርጥብ አሸዋ በሳጥን ሲለካ የሚገባው ከሚፈለገው ያንሳል።

ወደ አዳማ የሚገባው አሸዋ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከእያንዳንዱ ጭነት ሁለት ፈተና ያድርጉ። አንደኛ፣ ግልጽ የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ እስከ ግማሽ አሸዋ ሞልተው ውሃና ጥቂት ጨው ይጨምሩ፣ በደንብ ይናጡና አንድ ሰዓት ያስቀምጡት። ከላይ የሚተኛው ደለል ከአሸዋው ከፍታ ከ6 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ አሸዋው 10 ሳንቲም ከሆነ ደለሉ 6 ሚሊሜትር ነው። ሁለተኛ፣ እፍኝ አሸዋ ባልዲ ውሃ ውስጥ በትነው ያማስሉ። ብዙ ነጭ ቀላል ፍሬ ከተንሳፈፈ ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) አለበት ማለት ነው። ፑሚስ ለብሎኬት ማለፊያ ዕቃ ነው፣ ያቀለዋል፣ ቤቱንም ከሙቀት ይከላከላል። ለኮለንና ለቢም ግን አይሆንም፤ የድብልቁን ውሃ ይጠጣል፣ ራሱም በቀላሉ ይደቅቃል። እንዲህ ያለውን አሸዋ ይመልሱ፣ ወይም በዋጋ ተስማምተው ሸክም ለሌለው ሥራ ያውሉት።

ሲሚንቶ ለሁለት ለሦስት ሳምንት የሚበቃውን ብቻ ይግዙ። ከመሬት 15 ሳንቲም በላይ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ 30 ሳንቲም ርቆ፣ ከ10 ከረጢት በላይ ሳይደረደር ይቀመጥ። በጣት ሲጫኑት የማይፈርስ ጓል የያዘ ሲሚንቶ ለአርማታ አይግባ። ለኮለንና ለቢም ኦፒሲ (ተራ ፖርትላንድ ሲሚንቶ)፣ ለግንብና ለልስን ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት ሲሚንቶ) ይግዙ። ፒፒሲ ለአርማታም ያገለግላል፤ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ካሳፎርማው (አርማታው የሚፈስስበት የጣውላ ቅርጽ) ቆይቶ መነሳት፣ ውሃ የማጠጣቱም ጊዜ መርዘም አለበት።

ፌሮ

ፌሮ በበርጋ ሲገዛ ሚዛን ላይ ይውጣ። የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ለማግኘት የፌሮውን ውፍረት በሚሊሜትር በራሱ አባዝተው ለ162 ያካፍሉት። ባለ 8 በሜትር 0.395፣ ባለ 10 0.617፣ ባለ 12 0.888፣ ባለ 14 1.21 ኪሎ ነው። ባለ 12 ሜትር በርጋ ባለ 12 ፌሮ 10.66 ኪሎ መመዘን አለበት። 9.5 ኪሎ ከመጣ በእጅዎ ያለው ባለ 11.3 ነው፤ ከዋጋውም ከጥንካሬውም ከአሥር አንዱ የለም።

ትልቁ የፌሮ ብክነት አቆራረጡ ላይ ነው። አንድ ኮለን 3.90 ሜትር ፌሮ ቢፈልግ ከአንድ በርጋ ሦስት ይወጣል፣ ቁራጩ 30 ሳንቲም ነው። መሐንዲሱ 4.10 ቢጽፍ ግን የሚወጣው ሁለት ብቻ ሆኖ 3.80 ሜትር ይቀራል። 20 ሳንቲም ልዩነት ለእያንዳንዱ በርጋ ሲሶውን ያህል ያስወጣል ማለት ነው። ፌራዮው (የፌሮ ሠራተኛው) መቁረጥ ከመጀመሩ በፊት የሁሉንም ርዝመት ዘርዝረው ከመሐንዲሱ ጋር ይቀመጡና መደራረቢያው (ሁለት ፌሮ የሚቀጣጠልበት) የሚገባበትን ቦታ በማዛወር ወደ 3.90 ወይም ወደ 6.00 የሚመጣውን ያምጡት። መደራረቢያውን አሳጥሮ ማምጣት ግን አይቻልም። ለባለ 12 ፌሮ ከ50 እስከ 60 ሳንቲም መደራረብ ያስፈልጋል።

20 በ20 ለሆነ ኮለን፣ የአርማታው ሽፋን 2.5 ሳንቲም ሲሆን፣ የስታፋው ጎን 15 ሳንቲም ነው። አራቱ ጎን 60፣ ሁለቱ መንጠቆዎች 8፣ 8 ሲጨመሩ 76፤ ለእጥፋቱ ታስቦ 80 ሳንቲም ይቆረጥ። ከአንድ በርጋ ልክ 15 ስታፋ ይወጣል፣ የሚጣል የለም። መንጠቆው ግን በ90 ዲግሪ ታጥፎ ጫፉ ወደ ውጭ ከቀረ፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ ሽፋኑ ሲረግፍ ስታፋው ይከፈታል፣ የቆመውም ፌሮ ይጎብጣል። ጫፉ በ135 ዲግሪ ወደ ኮለኑ ውስጥ ይታጠፍ። ፌራዮው እጁ እስኪለምደው ትንሽ ያጉረመርማል፤ ተጨማሪው ፌሮ በአንድ ስታፋ ጥቂት ሳንቲም ብቻ ነው። ስታፋዎቹ ኮለኑ ከፉቲንግና ከቢም በሚገናኝባቸው ጫፎች ጠጋ ጠጋ ይበሉ፣ መሃል ላይ ይራራቁ፤ ርቀቱ ፕላኑ ላይ የተጻፈው ነው።

አርማታና ውሃ

ለኮለንና ለቢም የሚሆነው፣ ሲ-25 የሚባለው የአርማታ ደረጃ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ይበላል። ውስጡ 50 በ40 በ18 ሳንቲም የሆነ ሳጥን 36 ሊትር ይይዛል። ለአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን 02 የሚባለው ጠጠር ይግባ። ሳጥኑ ሲሞላ በጣውላ ጠርዙ ላይ ይላጭ። በካሬታ (በእጅ ጋሪ) የሚለካ ድብልቅ በሙሉ ግምት ነው።

ውሃው በከረጢት 25 ሊትር ነው፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚህ ይቀንስ። ቀን ሠራተኛው ለመቀላቀል እንዲቀለው ውሃ ይጨምራል፤ ትርፉ ውሃ ሲተን በአርማታው ውስጥ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። ድብልቁ ከባልዲ እንደ ሾርባ ከፈሰሰ ተበላሽቷል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ላይ ምልክት አድርገው እያንዳንዱን ድብልቅ በዚያ ያስለኩ።

የግሬድ ቢሙን (ከግድግዳው ሥር የሚሄደውን ቢም) ሒሳብ አስቀድመው ይያዙ፦ 58 ሜትር፣ 20 በ30 ሳንቲም፣ 3.5 ሜትር ኩብ፣ 25 ከረጢት። 27 ቢያልቅ ደህና ነው። 32 ካለቀ ካሳፎርማው ሆዱን ነፍቷል ወይም ከረጢቱ ከግቢ ወጥቷል። 19 ካለቀ ድብልቁ ደካማ ነው። ከየሥራው በኋላ ይህን ማመሳከር ጠባቂ ከመቅጠር የበለጠ ይጠቅማል።

የከተማዋ ዳር ላይ 51 ሜጋዋት የሚያመነጨው አዳማ አንድና 153 ሜጋዋት የሚያመነጨው አዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫ የቆሙት እዚህ ነፋስ ስላለ ነው። ይኸው ነፋስ ከሙቀቱ ጋር ሆኖ አዲስ አርማታን በሰዓታት ውስጥ ያደርቀዋል። ሥራው በጠዋት ይጀመር፣ ረፋዱ ላይ ይለቅ። ገጹ እንደጠነከረ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን፣ በላዩ ፕላስቲክ ይታሰር፣ ቢያንስ 7 ቀን ሳይደርቅ ይቆይ። በባዶው ጠዋትና ማታ ውሃ መርጨት እዚህ አገር ቀኑን ሙሉ ደርቆ መዋል ነው፤ ውሃውም የሚጠፋው በከንቱ ነው። በፕላስቲክ የተሸፈነ ኮለን በቀን አንድ ጀሪካን አይጨርስም። ውሃ በቦቴ ለሚገዛ ሰው ልዩነቱ በብር ይታያል።

የቢም ጎን ካሳፎርማ በማግስቱ ሊነሳ ይችላል፤ ከሥር የሚሸከመው ግን 14 ቀን ይቆይ። ለግሬድ ቢም የተገዛው ጣውላ ሳይበላሽ ከተነሳ ለቶፕ ታይ ቢም (ከግድግዳው ጫፍ ላይ ለሚሄደው ቢም) ያገለግላል። ጣውላውን ከመሥራት በፊት በተቃጠለ ዘይት ይቀቡት፣ ሚስማሩን በሙሉ እንዳይመቱት፤ ያኔ ሳይሰበር ይወጣል።

ብሎኬትና ግድግዳ

58 ሜትር በ3 ሜትር 174 ካሬ ነው። ለበርና ለመስኮት 26 ካሬ ሲቀነስ 148 ይቀራል። በካሬ 12.5 ብሎኬት ነው፤ ለስብራት 13 ይያዝና 1,924 ይዘዙ። አምራቹን ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ስንት ባለ 20 ብሎኬት እንደሚያወጣ ይጠይቁት። ከ25 እስከ 30 ካለ ይታመናል። 45 ካለ ብሎኬቱ ሲወርድ ጥጉ ይረግፋል። በሚስማር ይቧጥሩት፤ ዱቄት እያረገፈ ጥልቅ መስመር ካወጣ አይግዙት። ከተሠራ 28 ቀን ያልሞላው ብሎኬት ግድግዳ ላይ ሆኖ ይሸበሸባል፣ ልስኑንም ይሰነጥቃል።

የፑሚስ ብሎኬት ውሃ ስለሚጠጣ ከመደርደሩ በፊት ገጹ ይርጠብ፤ ይዘፈቅ ማለት ግን አይደለም። መገጣጠሚያው ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲም ይሁን። ከኮለኑ የሚወጣ ባለ 6 ፌሮ በየሦስት ረድፉ 50 ሳንቲም ወደ ግድግዳው ይግባ፤ ካልገባ ኮለኑና ግድግዳው በተገናኙበት ቀጥ ያለ ስንጥቅ ይወጣል። የኤሌክትሪክ ቱቦ ብሎኬት ሲደረደር አብሮ ይቁም፤ በኋላ በመሮ የሚቆፈር ባዶ ብሎኬት ከሥሩ ይሰበራል።

አሁን ትልቁ ቁጠባ። ግድግዳው በሁለት ገጽ ወደ 300 ካሬ ልስን አለው። ልስኑ በአንድ ሳንቲም ብቻ ቢወፍር 3 ሜትር ኩብ ድብልቅ ይጨምራል፤ በ1 ለ3 ሲሰላ 13 ኩንታል ተኩል ሲሚንቶ ነው። ይህ የቤቱን ግሬድ ቢም ከሚያቆመው በላይ ነው! የሚወፍረው ደግሞ ለሳኙ ስላጠፋ አይደለም፣ ግንበኛው ቱንቢ (ቀጥታን የሚያሳይ ክብደት የታሰረበት ገመድ) ስላልጣለ ነው። በየአምስት ረድፉ ግድግዳው ላይ ቱንቢ ይጣል፣ 2 ሜትር ቀጥ ያለ ጣውላ ወይም ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) ይደገፍ። ከጣውላው ሥር ከ5 ሚሊሜትር በላይ ክፍተት ከታየ ያ ረድፍ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ይፍረስ። ይህን ውል ላይ ይጻፉት።

ጣሪያ

ነፋስ ጣሪያን ወደ ታች አይጫንም፣ ወደ ላይ ይነቅለዋል። ቶፕ ታይ ቢም ሲፈስስ የጣሪያው እንጨት በሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ባለ 8 ፌሮ ተቀብሮ 50 ሳንቲም ይውጣ፤ በኋላ እንጨቱን ዞሮ ይጠምጠም። በሚስማር ብቻ የተያዘ እንጨት አዳማ ላይ አይበቃም። እንጨቱ ደረቅ ይሁን፣ ግድግዳ የሚነካው ጫፍ ፀረ ምስጥ ይቀባ። ቆርቆሮ በጎን አንድ ተኩል ሸንተረር፣ በጫፍ ከ15 እስከ 20 ሳንቲም ይደራረብ፤ ሚስማሩ ባለ ጎማ ሆኖ በሸንተረሩ ጫፍ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ አይመታ። ጌጁ (የቆርቆሮው የውፍረት ቁጥር) ከፍ ባለ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ 32ቱ ሲገዛ ይረክሳል፣ ሰው ሲወጣበት ግን ይጎደጉዳል። ባለ 28 መግዛት ከቻሉ ያንን ያድርጉ። የጣሪያው ክንፍ ከግድግዳው 60 ሳንቲም ይውጣ።

አሸንዳውን ከልስኑ በፊት ይስቀሉ። ክንፉ ሳይቆጠር 80 ካሬ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊሜትር ቢዘንብ፣ የሚባክነው ተቀንሶ ወደ 1,280 ሊትር ውሃ ሮቶ ውስጥ ይገባል። ለልስንና ለወለል የሚያስፈልገው ውሃ በከፊል ከሰማይ ይመጣልዎታል፣ መሠረቱም ከጎርፍ ይድናል።

የእጅ ዋጋ

በቀን የሚከፈል ግንበኛ ቀኑን ያረዝማል፣ በቁርጥ የሚከፈል ደግሞ ይሮጣል። ለግድግዳና ለልስን በካሬ መስማማት ይሻላል፤ በርና መስኮት ይቀነስ አይቀነስ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ከዚያ ላይ ነው ጠብ የሚነሳው። ለፉቲንግ፣ ለኮለንና ለፌሮ ሥራ ግን በቀን ቢከፍሉ ይመረጣል፤ እዚያ ላይ ጥድፊያ አይፈለግም። ቁፋሮ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ተጀምሮ ጣሪያው ሰኔ ሳይገባ ይከደን። ክፍያው በሥራ ደረጃ ይሁን፦ መሠረት ሲያልቅ፣ ግሬድ ቢም ሲፈስስ፣ ግድግዳ ሲቆም፣ ጣሪያ ሲከደን። ከያንዳንዱ ክፍያ አሥር በመቶ ይያዝ። ከጣሪያ ሠሪው የተያዘውን ብር የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጥሎ፣ ኮርኒስ ከመመታቱ በፊት እያንዳንዱን እንጨት በእጅዎ ዳስሰው ደረቅ መሆኑን ሲያረጋግጡ ይክፈሉት።